ሁለተኛ ጆሮ

ሰፈሩ ሰውየውን «ጋሼ ሬዲዮ» ነው የሚለው። ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ሸክላ ማጫወቻ፣ አምፕሊፋየር፣ ብቻ ድምፅ የሚያወጣ ነገር ሁሉ እሱ እጅ ሳይገባ አልቀረም። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያስታውሱት ምናልባት ሚስቱና የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ናቸው። ሚስቱን ደግሞ እሱ ራሱ «ሁለተኛ» እያለ ነው የሚጠራት። ይህ አጠራር አንድ ጊዜ ጉድ አፍልቶ ነበር። አንዲት ደንበኛ ማጫወቻዋን ልትወስድ ስትመጣ «ዛሬ አይሆንም፤ ሁለተኛዬ ጋ ሳላሳድረው አልሰጥሽም» ቢላት፣ ሴትዮዋ ቅምጥ ያለችው መስሏት ወሬውን ሰፈር ለሰፈር አዳረሰችው። ወሬው ዞሮ ዞሮ ሚስቱ ጋ ሲደርስ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሁለተኛዋ እሷው ነበረች። ሁለተኛ ጆሮዬ ማለቱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው አንድ ዕቃ ጠግኖ ሲጨርስ ለባለንብረቱ ከማስረከቡ በፊት ቤቱ ይወስደዋል። ሳሎን ያስቀምጠውና፣ ምን እንደነበረበት ምን እንደለወጠለት ሳይነግራት፣ ይከፍተዋል። እሷ ወጥ ቤት ሆና ሽንኩርቷን እየላጠች ትሰማለች። አንዳንዴ ወፍራሙ ድምፅ ላይ ይጎረብጠዋል ትለዋለች፤ አንዳንዴ ዘፋኟ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ያፏጫል ትለዋለች። ዝም ካለች ግን ዕቃው ድኗል ማለት ነው። ሱቁ ውስጥ ጥሩ መለኪያ ነበረው፤ ቢሆንም መለኪያው የጠየቁትን ብቻ ነው የሚናገረው፣ እሷ ግን ያልጠየቅኋትንም ትነግረኛለች ይል ነበር።

ይህ ልማድ የጀመረው ገና ሙሽራ ሳለች ነው። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። የባልና ሚስት ወግ በየቤቱ የተለያየ ነው፤ አንዱ ቤት ስለ ልጅ ያወራል፣ አንዱ ቤት በመሬት ይጣላል። የነሱ ቤት ወግ ይህ ነበር፦ እሱ ሳሎን፣ እሷ ወጥ ቤት፣ መሀላቸው አንድ የታመመ ዕቃ። ይህችን ሥራዋን የምትወደውን ያህል የምትወደው ነገር አልነበራትም። ማንም ግን አያውቅባትም፤ ለሱም ነግራው አታውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ሬዲዮውን ይዞ ተመለሰ። እሷ ሰምታ ዝም ያለችው፣ ማለትም ድኗል ያለችው ሬዲዮ ነው። ሱቄ ስወስደው ያጉረመርማል አለ። ባሏ ምንም ክፉ ቃል አልወጣውም። ሰው ነሽ፣ ትሳሳቻለሽ፣ ብሎ አለፈው። ሆኖም ከዚያ ወዲያ ጥቂት ዕቃዎች ቤት ሳይመጡ በቀጥታ ከሱቅ ወደ ባለቤታቸው ሄዱ። ምናልባት ቸኩሎ ነው፤ ምናልባት እንዳትጨነቅ አስቦ ነው። እሷ ግን ጡረታ እንደወጣ ሰው ተሰማት። ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት እየላጠች፣ የምትሰማው ነገር ሲጠፋ፣ ጆሮዬ አረጀ ማለት ነው አለች በሆዷ።

ሳሎኑ ውስጥ የራሱ ስቴሪዮ ነበረው። ይህ ዕቃ ለሽያጭም ለውሰትም አይቀርብም። ሁለቱን የስፒከር ሳጥኖች ራሱ ነው ጠርቦ የሠራቸው፤ አንዱ በመስኮቱ በኩል፣ በስተግራ፣ ሌላው በበሩ በኩል፣ በስተቀኝ። ከሁለቱም እኩል ርቆ ወንበሩ አለ። ንጉሥ እንግዳ ሆኖ ቢመጣ እንኳ እዚያ ወንበር ላይ የሚያስቀምጠው አይመስለኝም።

ክረምቱ ሲገባ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሸክላ ከፍቶ እያዳመጠ ሳለ ድንገት ቀና አለና ጠራት። እጇን በመቀነቷ እያደረቀች በሩ ላይ ቆመች።

«ግራው ይሻክራል። ይሰማሻል?»

አደመጠች። ዘፈኑ ጥርት ብሎ እየፈሰሰ ነው። ምንም ሻካራ የለበትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን «የለም» ብላ ወደ ድስቷ ትመለስ ነበር፤ የልብስ ሰፊው ሬዲዮ ግን ከሐሳቧ አልወጣም። እሱ የሰማውን እሷ ካልሰማች አለቀላት፤ ሁለተኛ አይጠራትም። ይህን ሁሉ ያሰበችው ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ድረስ ነው።

«አዎ፣ ትንሽ ይሻክራል» አለች።

እሱም በረጅሙ ተነፈሰ፤ ሳቅም አለ። «ተመስገን፤ እኔማ ጆሮዬ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።»

ደስ አላት። እውነቱን መናገር ካለብን፣ ያን ዕለት ወደ ወጥ ቤት የተመለሰችው እያንጎራጎረች ነው።

ከዚያ ፍለጋው ተጀመረ። ጋሼ ሬዲዮ አንድ ሕግ አለው፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ከዚያ ስማ። ሁለት ነገር በአንዴ የቀየረ ሰው በሽታውን ቢያድነው እንኳ አያውቀውም ይላል። በመጀመሪያ የሸክላውን መርፌ ለወጠ፤ ሻካራው አለ። ሸክላውን ትቶ ቴፕ ከፈተ፤ ያው ነው፣ እንግዲያው መርፌው ነፃ ወጣ። ቀጥሎ ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ የግራውን ሽቦ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወረ። ሕመሙ የአምፕሊፋየሩ ቢሆን ኖሮ ሻካራው ወደ ቀኙ ስፒከር መሄድ ነበረበት። አልሄደም፤ ግራ ላይ ቁጭ ብሏል። ስለዚህ የግራውን ስፒከር ፈታው፣ በጣቱ ጫፍ ገፋ እያደረገ የሚፋተግ ነገር እንዳለ ዳሰሰ፣ ምንም አላገኘም፣ ግን ለወጠው። ሻካራው አለ። በመጨረሻ ሁለቱን ሳጥኖች ተሸክሞ ቦታ አለዋወጣቸው። ሻካራው አሁንም በግራ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም አለ።

በየደረጃው ይጠራታል፤ እሷም በሩ ላይ ትቆማለች። መልሱን ከፊቱ ማንበብ ተምራለች። ግንባሩ ቋጠር ካለ «አለ» ትለዋለች። እንደ እውነቱ ከሆነ ሌላ ጠጋኝ ቢሆን አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ራሱን ይፈትን ነበር። እሱ ግን ለምን ብሎ? ሁለተኛ ጆሮው መስክራለታለች። ሁለት ሰው የሰማው ድምፅ የጆሮ ሕመም አይሆንም።

ዕቃው ሁሉ ነፃ ሲወጣ ጥርጣሬው ወደ ቤቱ ዞረ። በግራ በኩል መስኮት አለ፤ መስታወቱ ይሆናል የሚንቀጠቀጠው ብሎ ዳር ዳሩን በጨርቅ ወተፈው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሠርግ ፎቶ አወረደ። ቀጥሎ የሷ ቁም ሳጥን ነበር፣ ባለ መስታወቱ፣ እናቷ የሰጠቻት ብርጭቆዎች የተደረደሩበት። ብርጭቆ ከብርጭቆ ይነካካል፣ እሱ ነው የሚያሻክረው አላት። እሷም ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቀለለች፤ ቁም ሳጥኑን እሱና ጎረቤታቸው አናጢው ተሸክመው ወደ እህቷ ቤት ወሰዱት። ባዶውን ግድግዳ እያየች፣ ምነው ዝም ባልኩ፣ ብላ ማሰብ የጀመረችው ያን ዕለት ነው።

በዚያው ሰሞን ልብስ ሰፊው እየሳቀ መጣ። እትዬ፣ በከንቱ ነው ያማኋችሁ አለ። ሬዲዮው ደህና ነው፤ ያጉረመረመው ባለ ሞተሩ የስፌት መኪና ከሬዲዮው ጋር በአንድ ሶኬት ስለተሰካ ነው። መኪናውን ሲያጠፋው ሬዲዮው እንደ ወፍ ይዘምራል። እንግዲህ ጆሮዋ አላረጀም ነበር። ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። ልትናገርም ወስና ሳሎን ገባች፤ እሱ ቁም ሳጥኑ የነበረበትን ግድግዳ በቡጢ እያንኳኳ ያዳምጣል። ያን ሁሉ ያለፋሁህ በውሸት ነው ለማለት አፏ እምቢ አላት። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የሷ ግን እያደር ከበደ።

ሌላ ሌላም ነገር ነበር፤ ማየት ለፈለገ። ገበታ ላይ ወንበሩን ቀይሮ እሷን በቀኙ ማድረግ ጀመረ። የመስኮቱ ብርሃን ዐይኑን ወግቶት ነው ብላ አሰበች። ስልክ ሲያነሳ ወደ ቀኝ ጆሮው ያዞረዋል። ከመቀመጫው ሲነሳ አንዳንዴ ቤቱ ይዞርበትና ግድግዳ ይይዛል። መንገድ ላይ በግራው በኩል «ጋሼ፣ ደህና ዋሉ» ያለው ሰው መልስ አያገኝም፤ ኮራብን፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለን፣ እያለ ሰፈሩ ያማዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሐሜቱን እሱም እሷም አልሰሙትም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ እሁድ፣ ከገበያ ስትመለስ አይታ የማታውቀውን ነገር አየች። ያ የማይነቃነቀው ወንበር ዞሯል። ባሏ ጀርባውን ለሁለቱ ስፒከሮች፣ ፊቱን ለባዶው ግድግዳ ሰጥቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። ሙዚቃው ክፍት ነው። ምነው፣ ተኳረፋችሁ እንዴ፣ ብላ ቀለደችበት። አልሳቀም።

«አሁን ሻካራው ከየት በኩል ይመጣል?» አላት።

ፊቱን ለማየት ሞከረች፤ ዐይኑ እንደተጨፈነ ነው፤ ግንባሩ ምንም አይናገርም። «ያው ከዚያው ነዋ፣ ከመስኮቱ በኩል» አለች፣ እንደ ወትሮዋ።

ከዚያ ተነሥቶ ሙዚቃውን ዘጋ፣ ወንበሩንም ወደ ቦታው መለሰ። ነገ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ ማዞሩ በዝቶብኛል፣ አላት። አብሬህ ልምጣ ወይ ስትለው ነይ አለ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ረጋ ያለች። ጆሮውን በመብራት አየች፣ ጠባብ ክፍል አስገብታ በማዳመጫ ፈተነችው፣ ከዚያ አስቀምጣ ታሪኩን ጠየቀችው። እሱም የመርፌውን፣ የሽቦውን፣ የሳጥኖቹን፣ የቁም ሳጥኑን ሁሉ ነገራት፤ ሥራውን ነው የሚያወራው የሚመስለው። ያልተለወጠ ነገር አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር አላት፣ እሱም እኔ ነኝ። «ወንበሬን አዞርኩ። መስኮቱ በቀኜ ሆነ። ሻካራው ግን አብሮኝ ዞሮ በግራዬ ተቀመጠ።»

ሚስቱ አጠገቡ ነበረች። እሁድ ዕለት የመለሰችለት መልስ አሁን ገና ገባት። እሱ ዞሮ በተቀመጠበት ጊዜ መስኮቱ በቀኙ ነበር፤ ምንም አለመስማቷን ከዚያ መልሷ አውቋል። ሰማይ ተደፋባት። ያን ጊዜም፣ ከዚያም በፊት፣ አንድም ቀን እንዳልሰማች አውቆ ነው ዝም ብሎ ሙዚቃውን የዘጋው።

ሐኪሟ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀች። ከክረምቱ መግቢያ አላት። ብዕሯን አስቀመጠች። ሕመሙ ሰውነት በገዛ ጆሮው ላይ የሚነሣበት ዓይነት ነው አለች፤ ከአንዱ ጆሮ ይጀምርና ወደ ሌላው ይሻገራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢመጡ ኖሮ መድኃኒት ሊመልሰው ይችል ነበር። አሁን የግራው ሄዷል፣ ቀኙም ጀምሯል። መድኃኒቱን እንሞክራለን፤ ተስፋ ግን ልሰጥዎ አልችልም አለችው። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረች።

«እናቴ፣ እርስዎስ ምንም አላስተዋሉም ነበር?»

አፏን ከፈተች። እሱ ቀደማት።

«ነግራኛለች» አለ። «ዕቃው ደህና ነው፣ ጆሮህን ታይ ብላኛለች። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ወንዶች ሁልጊዜ እንዲህ ናችሁ በሚል ዐይን አየችው፤ ለሷ ደግሞ አዘነችላት። ያን ሐዘኔታ ላለማየት ዐይኗን ወደ ወለሉ ሰበረች። ከሐኪም ቤቱ ሲወጡ በቀኙ እንድትሆን ክንዷን ይዞ አሻገራት።

መድኃኒቱ ፊቱን አሳበጠው እንጂ ጆሮውን አልመለሰለትም። መጀመሪያ ሙዚቃ ሄደ፤ ሁሉም ዘፈን አንድ ዓይነት መሻከር ሆነበት፣ እሱም ስቴሪዮውን አንሶላ አልብሶ ሱቁንም ዘጋ። ከዚያ ስልክ ሄደ። ከዚያ የሩቅ ሰው ድምፅ። በመጨረሻ የቀረው የሷ ድምፅ ብቻ ነበር፣ እሱም በቀኝ ጆሮው ተጠግታ ስትናገር። ያን ወንበሩን አንሥቶ ወጥ ቤቱ በር ላይ አደረገው። ከሰዓት በኋላ እዚያ ይቀመጥና አውሪልኝ ይላታል። ምን ላውራህ ስትለው፣ ያገኘሽውን ይላል።

እሷም ታወራለታለች። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው የአትክልት ሻጯንና የባሏን ነገር ነበር፤ ሁለቱ ሲጣሉ ገበያው በሙሉ ሥራ ይፈታል። ወሬው መሀል ላይ ግን ያ የራሷ ነገር እየመጣ ይተናነቃታል። ልትናገር ስትል ወይ ውሃ ይጠይቃታል፣ ወይ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ይጠይቃታል። አውቆ እንደሚያደርገው ገብቷታል። ጊዜውም እየሄደ ነው። ጆሮው ሳይዘጋ ካልነገረችው መቼም አትነግረውም፤ ይህን የመሰለ ነገር በወረቀት ጽፎ ማሳየት ደግሞ አይሆንም።

አንድ ቀን ምድጃውን አጠፋች፣ እጇን ታጠበች፣ በርጩማዋን ስባ በቀኙ ተቀመጠች። አፏን ከጆሮው አስጠጋች።

«ምንም አልሰማሁም ነበር» አለችው። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ጆሮዬ ያረጀ መሰለኝ፤ ሁለተኛ እንዳትጠራኝ ፈራሁ። እኔ ነኝ ጆሮህን የበላሁት።»

መስማቱን አውቃለች፤ አገጩ ተንቀጥቅጧል። እጇን ፈልጎ ያዘና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

«የቀረኝ እኮ ጥቂት ነው» አለ። «በዚህ አታባክኝብኝ። ይልቅ ያቺ ሴትዮ ባሏን ምን አደረገችው?»

ለቅሶዋን በመቀነቷ ጠረገችና ነገረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ነገር አላነሱትም። በየቀኑ ትንሽ ጠጋ እያለች፣ በየቀኑ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ እያደረገች፣ ገበያውን በሙሉ እያመጣች ጆሮው ላይ ታፈስለታለች። ሸቀጡ ሲያልቅባት ጨማምራ ታወራለች። እሱ ማጋነኗን እያወቀ ይስቃል፤ ሳቁን ስታይ እሷም ትስቃለች፤ እንደ ሙሽርነታቸው ዘመን።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሮጥ ሮጥ እያለች ከገበያ መጣች፤ ዛሬ ያገኘችው ወሬ ጉድ ነው። ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። የአትክልት ሻጯን ቲማቲም የሚሰርቅ ሌባ ነበረ፤ ባልየው እኔ እይዘዋለሁ ብሎ ፎከረ፤ ጎህ ሳይቀድ ሄዶ ከቲማቲሙ ጋር ሸራ ሥር ተሸሸገ። ሚስቱ ረፈድፈድ ሲል ብትመጣ ሸራው ያንኮራፋል። ገልጣ ስታይ ቲማቲሙ አንድም ሳይጎድል ቁጭ ብሏል፣ ባልየውም እንቅልፉን ይለጥጣል፣ ጫማው ግን ከእግሩ ላይ ተሰርቋል።

እዚህ ላይ ሲደርስ እንደሚፈነዳ እርግጠኛ ነበረች። መንገዱን በሙሉ ይህን ሳቅ እያሰበች ነው የመጣችው። ቀና ብላ አየችው። ዐይኑ ከንፈሯ ላይ ነው፤ ፈገግ ብሎ፣ በትሕትና፣ እየጠበቃት ነው።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አላት።

ወሬው እዚያ ላይ አልቋል። እሷ ግን አላቆመችም። ባልየው በባዶ እግሩ ተነሥቶ ሌባውን ሊያባርር እንደሮጠ፣ ሚስትየዋም ከኋላው እንደተከተለችው፣ ገበያተኛውም ሁሉ እንደተከተላቸው፣ የት ድረስ እንደሄዱም፣ ያልሆነውን ሁሉ እየፈጠረች ወጥ ቤቱ እስኪጨልም ድረስ ነገረችው።